ባቱ ላይ ያልበላሁት በግ

ሰሞኑን ከቤቴ ጀርባ አዲስ ወፍጮ ቤት ተከፍቷል። ጠዋት ጠዋት ገብስ ይቆላሉ መሰለኝ፣ ሽታው አጥር ዘሎ መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባል። ሌላው ሰው የተቆላ ገብስ ሲሸተው ቆሎ ያምረው ይሆናል፤ እኔን የሚያምረኝ መሮጥ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ የሚንቋቋብኝ ሴትዮ፣ በገብስ ሽታ ከአልጋዬ ተነሥቼ ቱታ ስፈልግ ልጆቼ ቢያዩኝ ሐኪም ይጠሩብኛል። ሽታው ብቻ ቢሆን ችዬው ዝም እል ነበር፤ ታች ያለውን ክፍል የተከራየችኝ ህሊና ናት የጨመረችበት። ህሊና ባንክ ትሠራለች። ለአንድ የጎዳና ሩጫ ተመዝግባ ልምምድ ከጀመረች ሰንብታለች። እጇ ላይ ያሰረችው ሰዓት ምን ያህል እንደሮጠችና ልቧ እንዴት እንደመታ ይነግራታል፤ ስልኳ ደግሞ ስለምትበላው ነገር ይገሥጻታል። ባለፈው ጠዋት ግቢ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ጸጉሯን እያስተካከለች በሌላው የተቀቀለ እንቁላል ይዛ፣ «እማማ ፋጡማ፣ እናንተማ ጊዜ ነበራችሁ» አለችኝ። «እኔ ከሥራ ስወጣ ይመሻል፣ ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። መቼ ልሩጥ፣ መቼ ልብላ?» ሳቅሁባት። የድሮ ሰው ሁሉ ጊዜን በጆንያ አስቀምጦ የሚኖር ይመስላቸዋል። የጠራችው ባጃጅ በር ላይ ክላክስ ሲያደርግ እንቁላሏን ጎርሳ ወጣች፤ እኔ ግን ጥያቄዋን ይዤ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ።

አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች፤ ባቱም ዝዋይ ነበረች፤ አሁን በለመድነው ስማቸው ልጥራቸው እንጂ። ዘመኑ እንዴት ያለ ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። ስብሰባ ይበዛ ነበር፣ ስኳር በሰልፍ ነበር፣ ከዚያ በላይ ፖለቲካ ጭንቅላቴ አልያዘም። የያዘው ሌላ ሌላውን ነው። የጋሪ ፈረሶች ቃጭልና ኮቴ ከወፍ ቀድሞ ይቀሰቅሰን ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በጋሪ ስሙኒ ነው። አሥር ሳንቲም የሚያወጣ ዳቦ ነበር፤ ትኩሱን ከገዛችሁት እጃችሁን እየቀያየራችሁ እንጂ በአንድ እጅ አትይዙትም። ከባቱ የሚመጣው ፓፓያ የሕፃን ልጅ ያህል ይከብዳል፣ እሱንም ታቅፎ የሚሄድ ሰው ሁሉ አባት ይመስላል። ወንዱ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ጸጉሩን አፍሮ አድርጎ፣ ማበጠሪያውን ጸጉሩ ላይ ሰክቶ ይዞራል። እኛ ሴቶቹ ቴትሮን ቀሚስና ናይለን ሻሽ ነበር ጌጣችን፤ ቴትሮን በአዳማ ሙቀት ማለት ላስቲክ ለብሶ ምድጃ አጠገብ መቀመጥ ነው፣ ግን ስለማይጨማደድ ችለነው ኖርን። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት ቀኑን ሙሉ ካሴት ይጮኻል። አንድ ዘፈን ሲወደድ ከተማው በሙሉ ለወራት እሱን ብቻ ያንጎራጉራል፣ ጋሪ ነጂው ሳይቀር። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል፣ ጭማቂው ግን አሁንም ከሥሩ ይሸጣል፤ ዋጋውን ባልናገር ይሻላል።

እኔ ስልክ ቤት ነበር የምሠራው። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ ገመድ ካንዱ ቀዳዳ ነቅዬ ሌላው ላይ እየሰካሁ፣ «ሀሎ መቂ፣ ሀሎ ሻሸመኔ» ስል እውላለሁ። ከተሞቹን ሳላያቸው በፊት በድምፃቸው ነበር የማውቃቸው። ሻሸመኔ ሁልጊዜ ከኋላ የከባድ መኪና ጩኸት አለበት፤ ባቱ ዶሮ ይሰማል። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ አንዳንዱን ሳምንት ጠዋት፣ አንዳንዱን ከሰዓት እገባለሁ። ከሥራ በፊት ደግሞ ሩጫ ነበር። አሰልጣኝ ገመቹ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ሳይመጡ በፊት እኛን ጥቂት ሠራተኞችን ሰብስበው በወንጂ መንገድ ወደ ሸንኮራ አገዳው እርሻ ያስሮጡናል። ጸሐይዋ ከወጣች በኋላ በአዳማ አስፋልት ላይ መሮጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ሰማዩ ግራጫ ሳለ እንጀምርና ሲነጋ የሸንኮራው ጤዛ ሲሸተን እንመለሳለን። አሰልጣኝ ገመቹ ከፊሽካቸው በፊት እያንዳንዳችንን «አካም ቡልቴ?» ሳይሉ አያልፉም፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው፤ እሱንም ሲጠይቁ ዓይን ዓይናችንን እያዩ ነው፤ ደህና ያላደረውን ያውቁበታል። ስለ ምግብ የነበራቸው ትምህርት አጭር ነበር። ከሩጫ በፊት ቀለል ያለ በሶ፣ ከሩጫ በኋላ የፈለግሽውን፣ የውድድር ዋዜማ ደግሞ ስጋና ቅቤ የሚባል ነገር በአጠገብሽ አይለፍ። አሁን ህሊና ስልኳ ላይ የምታነበው ነገር ተዘርዝሮ ተዘርዝሮ ሲያልቅ እዚያው ነው የሚደርሰው።

ጣጣው የመጣው ሳገባ ነው። ባለቤቴ ሰዒድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አሰብ ለመድረስና ለመመለስ ሳምንታት ይፈጃል፣ ቤት ሲመጣም ከእኔ ይልቅ ከሞተሩ ጋር ይነጋገራል። ስለዚህ ሙሽርነቴን ያሳለፍኩት ከአማቴ ከእማማ ዘሀራ ጋር ነው ብል ውሸት አይሆንም። እማማ ዘሀራ ከወሎ መጥተው ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሞላ ያሉ፣ ሲራመዱ መንገዱ የሚጠብባቸው ሴት ነበሩ። ሰውን ሁሉ በክንድ እንደሚለኩት ጨርቅ ነው የሚያዩት፤ አንዴ ከላይ እስከ ታች ካዩ ጨርሰዋል። እኔን ሲያዩኝ የጎደለ ነገር አገኙ። በሳቸው ቤት ሙሽራ ከሳች ማለት አማት ከፋች ማለት ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያን ሰሞን እንደ ሸንኮራ አገዳ ነበርኩ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሱቅ መጥተው፣ ጨርቁን እየዳሰሱ፣ ማር በተቀባ አፋቸው፣ «ዘሀራ እቴ፣ ሙሽራሽ ምነው እንዲህ መነመነች? እህላችሁ አልተስማማትም?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እማማ ዘሀራ የዚያን ዕለት ለእትዬ አስካለ የለኩላቸው ጨርቅ ከክንዱ ትንሽ ያነሰ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ማምለጫ አጣሁ። ለሱብሂ ሶላት ሲነሡ ገንፎ አገንፍተው ይጠብቁኛል፤ መሀሉ ላይ ያለው የቅቤ ጉድጓድ ጣት ይውጣል። ከሩጫ ስመለስ ጨጨብሳ፣ ከሥራ ስመለስ ወጥ፣ ልተኛ ስል አብሽ። እምቢ እንዳልል ደግሞ «በሞቴ» አለ። ይህን ቃል እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ጉርሻ ይዞ በሞቴ ካለሽ፣ አልበላም ማለት ሙት ማለት ነው፤ እና ማን አማቱን ጠዋት ጠዋት ይገድላል? እበላለሁ፣ እወፍራለሁ ብዬ እፈራለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ሆዴ ይንቦጫረቃል፣ አሰልጣኝ ገመቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እውነት ለመናገር ምግቡ የዋዛ አልነበረም። ዛሬም የእሳቸውን ጨጨብሳ የመሰለ አልቀመስኩም። ጥፋቱ የሰዓቱ ነበር፤ በቀኑ ሥራና በሩጫው መካከል ለዚያ ሁሉ ቅቤ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ይባስ ብለው ተከተሉኝ። ጋሪ ተከራይተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ ከከተማ ወጣ እንዳልን ደረሱብን። ሯጮቹ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ፤ አሰልጣኝ ገመቹ ለአማት ክብር ሲሉ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። ጋሪው እያዘገመ ከጎኔ ሲሄድ እማማ ዘሀራ ጎንበስ ብለው ኩባያውን ዘረጉ። «በሞቴ ፋጡ፣ አንዴ ብቻ ተጎንጪለት።» ተጎነጨሁ። አንዴ ብቻም አልነበረም። ትንሽ እንደሮጥኩ አጥሚቱ ከሸንኮራው ቦይ ዳር በመጣበት ተመለሰ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ይዤ ሳለሁ ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ። እማማ ዘሀራ ከጋሪው እየወረዱ ነበር፤ ፊታቸው በርቷል። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰዒድ ይህን ሳይሰማ አሰብ አይደርስም»። ያረገዝኩ መስሏቸዋል። አሰልጣኝ ገመቹ አፍረው ወደ ሸንኮራው ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ እውነቱን የነገራቸው ጋሪ ነጂው ነው። «ኧረ እማማ፣ አጥሚቱ ነው። እኔም ፈረሴን እየጋለበ አላበላውም።» ያን ዕለት ሁለት ጊዜ አዘኑ፤ አንዴ ለልጅ ልጃቸው፣ አንዴ ለአጥሚቱ። ሲመለሱ በጋሪው ላይ ጀርባቸው ሲርቅ አይቼ አሳዘኑኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ጠርተው አስቀመጡኝ። «እንግዲህ ስሚኝ» አሉ። «ይህ ሩጫ አንድ ቦታ የሚያደርስሽ ከሆነ እሰየው፣ አልከለክልም። የማያደርስሽ ከሆነ ግን ምን ይሁንሽ ብለሽ ነው? ሰው ይስቅብናል። ትሠሪያለሽ፣ ትሮጫለሽ፣ መቼ ትወልጃለሽ?» በዚያን ሰሞን ሻሸመኔ ላይ የማጣሪያ ውድድር ሊደረግ ነበር። አራት ሴቶች ተመርጠው አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ከዚያም እያሠለጠነ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን ውስጥ ይገባሉ ተብሏል። እማማ ዘሀራ ውላቸውን እዚያ ላይ አሰሩት። ከተመረጥኩ እሮጣለሁ፣ እሳቸውም አፋቸውን ይይዛሉ። ካልተመረጥኩ ሩጫ የሚባል ነገር ከቤታችን ይወጣል። እሺ አልኩ። ምን ልበል? ደግሞም በልቤ እመረጣለሁ ብዬ አምን ነበር። ሰዒድ ሲመለስ ብነግረው ሳቀና፣ «በእናንተ መሀል አልገባም፣ እኔ የለመድኩት ቁልቁለት መንዳት ነው» አለኝ።

ሙሽራ ባሏ በሌለበት ብቻዋን ሌላ ከተማ አትሄድም፤ እማማ ዘሀራ ራሳቸው ሊወስዱኝ ወሰኑ። ችግሩ የሻሸመኔ መንገድ በባቱ ማለፉ ነው። ባቱ ታላቅ እህታቸው እማማ ከድጃ ይኖራሉ። የወንድ ልጅ ሙሽራ በዘመድ ደጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታልፍ ሳትገባ ከሄደች ትዝብቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ከገባች ደግሞ ሳይታረድላት አትወጣም። ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት እማማ ዘሀራ ደህናውን ሻሻቸውን አስረው ስልክ ቤት መጡ፣ እኔን እንደማያውቁኝ ሆነው፣ «ልጄ፣ ባቱን አገናኚኝ» አሉኝ። አገናኘሁ። እማማ ከድጃን የሚጠራ መልእክተኛ ተልኮ እስኪመጡ ድረስ አዳራሹ ሙሉ ሰው ጠበቀ። የሰው ወሬ መስማት አይፈቀድልንም ነበር፤ ግን ሁለቱ እህትማማቾች ስልክ ይዘው ሲነጋገሩ ስልኩ ትርፍ ነው። «ዓርብ ከሙሽራዋ ጋር በዚያ እናልፋለን» አሉ እማማ ዘሀራ። ከወዲያ ማዶ እማማ ከድጃ፣ «ታልፋላችሁ? ደጄን ሳትረግጥ ታልፋለች? በጉን ለማን ነው የቀለብኩት?» ሲሉ ተሰማ። ገመዱን ነቅዬ ተቋረጠ ልል ፈልጌ ነበር። እጄ ገመዱ ላይ እንደሆነ ቀረ። ዋዜማው ዓርብ መሆኑ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እሮጣለሁ።

አውቶቡሱን ከነሽታው አስታውሰዋለሁ። ከላይ ቅርጫትና ዶሮ፣ ከታች ናፍጣና ብርቱካን ልጣጭ። ሞጆን አለፍን፣ ቆቃ ላይ ንፋሱ በመስኮት ውሃ ውሃ እየሸተተ ገባ፣ መቂ ላይ ሽንኩርት ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ዛሬ ያን መንገድ በልጄ መኪና ሳልፈው ግራና ቀኙ የአበባና የቲማቲም ላስቲክ ቤት ነው፤ ያኔ ግራር ብቻ ነበር፣ ግራሩ ሥር ደግሞ ከብት። አሰልጣኝ ገመቹና ሌሎቹ ሯጮችም በዚያው አውቶቡስ ነበሩ። እኛ ባቱ ስንወርድ አሰልጣኙ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ፋጡማ፣ እንግዲህ ዛሬ ስጋ የሚባል ነገር...» ብለው ጀመሩና እማማ ዘሀራን ሲያዩ፣ «በሰላም ድረሱ» ብለው ጨረሱት።

እማማ ከድጃ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል። በጉ ታርዷል፣ ጥብሱ ይንጣጣል፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ በትሪ ተደርድሯል። እማማ ከድጃ የእማማ ዘሀራን ያህል ሰፊ፣ በድምፅ ደግሞ እጥፍ ነበሩ። ስመው ስመው ጉንጬን አሳበጡትና ትራስ ባለበት በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። «ምነው ልጄ፣ ዘሀራ አታበላሽም?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እማማ ዘሀራም ሳቁ፣ ከአንገት በላይ ነበር። ከዚያ እማማ ከድጃ እጃቸውን ታጥበው፣ ከጥብሱ የሰባ የሰባውን መርጠው፣ እንደ ኳስ አድቦልቡለው ወደ አፌ አመጡት። «በሞቴ» አሉ። «የሰዒድ ሙሽራ፣ በሞቴ።»

እማማ ዘሀራን አየኋቸው። ለምን እንዳየኋቸው አላውቅም። እንዲያስጥሉኝ አልጠበቅሁም፤ ምክንያቱም ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚበቃቸው። ያን ጉርሻ ብጎርስ ሌላው ይከተላል፣ ሌላው ሌላውን ይጠራል፣ እስኪመሽ በጉ ሆዴ ውስጥ ይገባል፣ ነገ ሻሸመኔ ላይ እግሬን እየጎተትኩ ኋላ እቀራለሁ፣ ሩጫም ከቤታችን ይወጣል፣ እሳቸውም ከሰው ወሬ ያርፋሉ። ይህን ሁሉ እኔ እንዳሰብኩት እሳቸውም እንዳሰቡት ከዓይናቸው አየሁ። አፌን ልከፍት ስል ድምፃቸው መጣ።

«እኔ ልሙት ፋጡ፣ እንዳትነኪው።»

በአንድ ጉርሻ ላይ ሁለት ሞት ተማምሎበት አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የእማማ ከድጃ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ነገ ትሮጣለች። ስጋ በልታ አይሆንላትም።»

«ታዲያ በጉን ለማን አረድኩት?»

«ለእኔ» አሉ እማማ ዘሀራ። «እኔን አጉርሺኝ እትዬ።» ሰው ሁሉ እያየ አፋቸውን ከፈቱ።

እማማ ከድጃ አላጎረሷቸውም። ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡና ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። እማማ ዘሀራ አፋቸውን ዘጉ። ፊታቸው ቀልቷል፤ የጎረቤቱ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነው። ቀስ ብለው ቦርሳቸውን ከፍተው በጨርቅ የቋጠሩትን በሶ አወጡ፣ ውሃ አስመጥተው በጣባ በጠበጡልኝና ሰጡኝ። ከአዳማ ነው ይዘውት የመጡት። ይህን አስበው ነው ከቤት የወጡት ማለት ነው፤ ወይም ሳይወስኑ ለሁለቱም ተዘጋጅተው፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ በሶዬን ስውጥ እሳቸው በጉን ራሳቸው እየቆረሱ መብላት ጀመሩ። ጣዕም ያገኙበት አይመስለኝም። የእህታቸው ድግስ ሳይነካ እንዳይቀር ብቻ ብዙ በሉ። ልንሄድ ስንነሣ እማማ ከድጃ ሊሸኙን አልወጡም። እዚህ አገር እንግዳ እስከ ደጅ ሳይሸኝ መቅረቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚነገረው የለም። ከሰዓት በኋላ ያገኘነው መኪና ላይ ወጥተን ሄድን። ቡልቡላን ስናልፍ እኔ ዓይኔን ከእማማ ዘሀራ ላይ መንቀል አቅቶኝ ስቀር፣ «ምን ታዪኛለሽ? ተኚ፣ እግርሽን አሳርፊ» አሉኝ።

ሻሸመኔ ከአዳማ ስትመጡ ትቀዘቅዛለች፤ ጠዋት አየሩ ደረትን እንደ ሚንት ከረሜላ ይከፍታል። ሆዴ ቀላል፣ እግሬ ቀላል ነበር። እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ከከተማው ወጥተን በኩየራ በኩል ዞረን ስንመለስ፣ ከመንገዱ ዳር የቆሙ የከባድ መኪና ሹፌሮች በጥሩንባ ሲያጅቡን፣ ከፊቴ አራት ልጆች ነበሩ። አራተኛዋ ቀይ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ሻሿን እስከ መጨረሻው አየሁት፣ እጄን ብዘረጋ የምይዘው እስኪመስለኝ ቀረብኩ፣ ግን አልያዝኩትም። አምስተኛ ወጣሁ። ሰበብ ልፈልግ አልችልም፤ ምግብም ሙቀትም አልነበረም፣ ልጆቹ ይበልጡኝ ነበር። አሰልጣኝ ገመቹ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ» አሉኝ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ጥሩ አልነበረም። እማማ ዘሀራ ጋቢያቸውን ይዘው መጥተው ደረቡልኝ። «ስንት ነው የሚወስዱት?» አሉ። «አራት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምግብ ቤት ወስደው ምሳ አዘዙልኝ፣ እያለቀስኩ ሁሉንም በላሁት። ስለ ውላችን እዚያም በመንገዱም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስንመለስ ባቱ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲያወርድ ሁለታችንም በመስኮት አላየንም።

ህሊና «ጊዜ ነበራችሁ» ስትለኝ የሳቅሁት ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን አስቤ ነው። ስልክ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ። አራት ልጆች ወልጃለሁ። ሜዳሊያ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ የለም፣ ስሜም የትም አልተጻፈም፤ ግን ጉልበቴ እምቢ እስኪል ድረስ የወንጂን መንገድ እኔን ያህል ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። በሶዬን ጠጥቼ እወጣለሁ፣ ሮጬ ስመለስ እማማ ዘሀራ ሕፃኑን በጀርባቸው አዝለው፣ ምግቡን ከድነው በር ላይ ይጠብቁኛል። እትዬ አስካለ፣ «ዛሬም ትሮጣለች እንዴ?» ሲሉ፣ «አንቺም ብትሮጪ ወሬ ለመልቀም ጊዜ አታገኚም ነበር» ይሏቸው ጀመር። እማማ ከድጃም ታርቀዋል። የመጀመሪያ ልጄ ስም የወጣለት ዕለት በግ እየጎተቱ ከባቱ መጡና በሩ ላይ ቆመው፣ «ይህንንስ ትበላለች ወይስ ነገ ትሮጣለች?» አሉ። በላሁላቸው፤ በእጃቸው፣ እስኪበቃቸው። ሁለቱንም አላህ ይማራቸው። ስለዚህ ለልጅቷ ጥያቄ መልሴ፣ ጊዜስ አልነበረኝም ነው። የነበሩኝ እማማ ዘሀራ ናቸው። እሳቸውንም ያገኘኋቸው ሳገባ ሳይሆን ከሻሸመኔ በተመለስን በማግስቱ ጠዋት ነው።

እንደደረስን የሸራ ጫማዬን አጥቤ አልጋ ሥር ገፍቼው ነበር። ውል ውል ነው። ጠዋት ነቅቼ ጋሪዎቹ ሲያልፉ እየሰማሁ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ። እማማ ዘሀራ ከሶላታቸው ተነሥተው በሩን ከፍተው ገቡ።

«አንቺ፣ ምን ያስተኛሻል?»

«ተሸንፌ የለም እንዴ እማማ? ውላችን...»

«ውሉን ከማን ጋር ነው የገባሽው?»

«ከእርስዎ ጋር።»

አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ አልጋው ሲጢጥ አለ። ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ፣ ጫማውን ከሥር አወጡት። «እኔ ለዚህ እግርሽ ስል ታላቅ እህቴን በሰው ፊት አዋርጄ መጣሁ» አሉ። «አፌን ከፍቼ ሳታጎርሰኝ ቀረች። በዕድሜዬ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። አሁን ያን ሁሉ የሆንኩት አንቺ ተኝተሽ እንድታረፍጂ ነው?» ጫማውን ደረቴ ላይ አስቀመጡት። «ተነሺ፣ ሰዎቹ ጥለውሽ ይሄዳሉ።»

ጫማው ገና አልደረቀም ነበር። እንደረጠበ አሰርኩት።